ባዶውን የማይመለስ ሳህን

በእኛ ሰፈር የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ምግብ ተልኮበት የመጣ ሳህን ሲመለስ አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል፤ ዳቦም ይሁን ሎሚ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ አንድ ጭብጥ ቆሎ። እናቴ ይህን ደንብ ከየትኛውም አዋጅ አስበልጣ ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ በዚያ ዓመት የጎረቤታችን ሳህን፣ ያ ዳርዳሩ ሰማያዊ የሆነው የብረት ሳህን፣ ፍሪጃችን ላይ ተቀምጦ ሳምንት አልፎ ወር ሲተካ ግር አለኝ። አንድ ቀን ላደርሰው ብዬ ሳነሳው እናቴ ከጓዳ ሆና ጮኸችብኝ።

«አስቀምጪው! ማን ንኪ አለሽ?»

«የእማማ አይደል? ልውሰድላቸው ብዬ ነው እኮ።»

«ሲያስፈልጋት ትጠይቃለች።»

እማማ የምላቸው ግድግዳ የምንጋራቸውን ጎረቤታችንን ነው። እኛ ወሎዬ ሙስሊሞች ነን፣ እሳቸው የጊዮርጊስን ቅዳሴ የማያጓድሉ ክርስቲያን ናቸው። ከእናቴ ጋር ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በአንድ ግቢ ኖረዋል፤ ሰፈሩ ሳይፈርስ ገና ድሮ ተከታትለው ወደ ጊዮርጊስ ጀርባ ወጡ፤ እዚህም መጥተው በአንድ ግድግዳ ተለጠፉ። ሥጋ አንበላላም። ዳቦው፣ የጾም ወጡ፣ ፍራፍሬው ግን ሲመላለስ ነው የኖረው። በኢድ ከእኛ ቤት ጣፋጭ ይሄዳል፤ በፋሲካ ከእሳቸው ቤት ገና ትኩሱ ያልወጣለት ድፎ ዳቦ ይመጣል። በዚያ ዓመት ፋሲካ ግን ዳቦው አልመጣም። እናቴን ብጠይቃት «እርሾው እምቢ ብሏት ይሆናል» አለችና ወደ ሱቋ ሄደች። የልብስ ስፌት ዕቃ ትሸጣለች፤ ክር፣ ዚፕ፣ ገበር፣ ቁልፍ። ያን ሰሞን ከደንበኞቿ ጋር ሳይቀር ትነታረክ ነበር። እኔም ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት።

እኔ ዳኛ ነኝ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ውስጥ የፍትሐ ብሔር ችሎት ላይ እቀመጣለሁ። ሥራዬ ትልቅ አይደለም፤ የሰው አጥር፣ የሰው ውል፣ የወንድማማች ውርስ። ለባለቤቶቹ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር በዓለም የለም።

የአዲስ አበባ ሰው አንድ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ማስረጃውን አይደለም የሚፈትሸው። «እዚያ ሰው አለሽ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሰው ማለት የሚያውቅህ፣ የሚያስተዋውቅህ፣ ሌላው ቢቀር ሰልፉን የሚያሳጥርልህ ማለት ነው። መታወቂያ ለማሳደስ ሰው፣ ሐኪም ቤት አልጋ ለማግኘት ሰው። ፍርድ ቤት ሲሆን ሰውዬው ማዕረጉ ከፍ ይልና አማላጅ ይባላል። አማላጅ ጉቦ አይሰጥም፤ ጉቦኛን እንዲያውም ይጸየፋል። የሚናገረውም ሁልጊዜ አንድ ነው። «አጣሚ አልልሽም፣ ብቻ አደራ እያት» ይላል። ይህን ሲል ኀጢአት እየሠራ አይመስለውም፤ ጽድቅ እየሠራ እንጂ።

ሠርግ ላይ ተማልጃለሁ፣ ለቅሶ ቤት ተማልጃለሁ፣ ፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ ጭንቅላቴን ከትቼ ተማልጃለሁ። መላ ዘየድኩ። ወሬው ወደዚያ ሲያዘነብል ገና «ስም እንዳይጠሩብኝ!» እልና ሁለት ጆሮዬን እይዛለሁ። የሚስቅ ይስቃል፣ «ኮራች» የሚል ይላል። የማን መዝገብ እንደሆነ ካልሰማሁ ግን እንቅልፌን እተኛለሁ።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ከአንድ ሰው ነው። ከኮሌጁ ነው ብል ውሸት ይሆናል።

ሕግ ያጠናሁት ቅዳሜና እሁድ፣ እዚሁ ፒያሳ፣ ምድር ቤቱ ወርቅ ቤት ላይኛው ፎቅ ደግሞ ጂም በሆነ አሮጌ ሕንጻ መካከለኛ ፎቅ ላይ በነበረ ኮሌጅ ነው። መምህሩ ስለ ውል ሲያነብልን ከላያችን ብረት ይወድቃል። «ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ጣሪያው ድም ብሎ ክፍሉ በሙሉ የሳቀበትን ቀን አልረሳውም። መጻሕፍት ቤት ተብሎ የሚጠራው ክፍል ከአሮጌ ወንበሮች ጋር ተቆልፎ ነበር የሚውለው። ሃንድአውቱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው፤ የገጹ ጠርዝ ስለተቆረጠ የየመስመሩን መጨረሻ ቃል በግምት እንሞላ ነበር። ከመካከላችን አንዳንዱ ዛሬም ሕጉን በግምት የሚሞላው ከዚያ በተረፈ ልማድ ይመስለኛል። ፈተናው ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ ደጅ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት መልሱን ጭምር ይሸጠዋል። ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ፍርድ ቤቱ በአማርኛ። ከመምህራኑ ግማሾቹ ያነበቡት ራሳቸውም የገባቸው አይመስለኝም ነበር፤ የገባን አስመስለን እንጽፋለን፣ የጻፍነውን መልሰን እንሰጣቸዋለን። መጀመሪያ ችሎት የተቀመጥኩ ዕለት ጠበቃው «መቃወሚያ አለኝ» ሲል በሆዴ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ነው የተረዳሁት። ይህን የምለው ኮሌጁን ለማማት አይደለም። እሱ ባይኖር ዛሬም እናቴ ሱቅ ቁልፍ እየለየሁ እውል ነበር። ግን የነበረውን ነው የምናገረው።

ያ ሰው የመጣው በመጨረሻው ዓመታችን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ባርኔጣ የማይለያቸው፣ ቀድሞ ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ። ባዶ እጃቸውን ገቡና «ሃንድአውት የለኝም። ጆሮ ይዛችሁ መጥታችኋል?» አሉን። ባማርኛ አስተማሩን። ሕጉ ያን ጊዜ ነው የሰው ነገር መሆኑ የገባኝ። ዳኝነቱን ለምን እንደተዉ አንዴ ብቻ ነገሩን። ከአንድ ትልቅ ቢሮ ስልክ ተደወለላቸው፤ ለደወለው ሰው እምቢ አሉ፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት መቆየት አልተመቻቸውም። እኛ አጨበጨብን። እሳቸው ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሙን።

«ለስልክ እምቢ ማለት ቀላል ነው» አሉ። «ይኸው ታጨበጭቡልኛላችሁ። ለአክስታችሁ እምቢ ስትሉ ግን የሚያጨበጭብላችሁ የለም። የዳኝነት ነጻነት እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።»

ከዚያ ጠረጴዛውን ወደ መሐል አስጎትተው አንዳችንን ዳኛ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ሌሎቻችን አማላጅ ሆነን ተራ በተራ እንገባለን። ባለሥልጣን ሆኖ የገባውን ሁሉም ዳኛ በኩራት አባረረው። የንስሐ አባት ሆኖ የገባውን ጥቂቱ አባረረው። ያሳደገች አክስት ሆና ነጠላዋን ዐይኗ ላይ ያደረገችዋን ግን ያሰናበተ አልነበረም። እኔም ሳቄን ይዤ «እስቲ አያለሁ» አልኩ። መምህሩ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አለቀልሽ! እስቲ አያለሁ ያለ ዳኛ አይቷል።»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«በቤትሽ እምቢ ማለት ግማሹ ነው። በማግስቱ ችሎት ላይ፣ ሁለቱም ባለጉዳዮች ባሉበት፣ እከሌ መጥቶ እንዲህ ብሎኛል ብለሽ ትናገሪያለሽ። በስሙ። በጓዳ የመጣ ነገር መርዙ የሚወጣለት አደባባይ ሲውል ብቻ ነው።»

«ሰውዬው ይዋረዳል እኮ፣ መምህር።»

«ይዋረድ» አሉ፣ ቀለል አድርገው።

ያን ቀን ቀለል ያላቸውን ነገር ነው እኔ ከዓመታት በኋላ የተሸከምኩት።

መዝገቡ ራሱ ተራ ነበር። ከሳሿ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ለአንድ ወዳጃቸው በውሰት እንደሰጡት፣ ወዳጅዬውም ሲሞት ልጁ አልወጣም እንዳለ ይናገራሉ። ተከሳሹ ያ ልጅ ነው፤ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፣ ሥራውንም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። «አባቴ ገዝቷታል» ይላል። ወረቀት በሁለቱም በኩል የለም። ምስክሮች ተሰምተው ነበር፤ እኔም በሆዴ ሴትዮዋ እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም ወደሚለው እያዘነበልኩ ነበር። የቀረው የመጨረሻ ክርክርና ፍርድ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ማኪያቶ ከምጠጣበት ፒያሳ ካለ አሮጌ ካፌ ስገባ መምህሬ ባንኮኒው አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ባርኔጣው ያው ነው፤ ካፖርቱ ግን ሰፍቷቸዋል፣ ወይም እሳቸው ከውስጡ ቀንሰዋል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። እጃቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ስለ ችሎቱ ጠየቁኝ፤ ዛሬም ወደ እንግሊዝኛ ትተረጉሚያለሽ ወይ ብለው ቀለዱብኝ። ማኪያቶው መጣ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ ዘንድ አንድ መዝገብ አለ።»

ጆሮዬን መያዝ ነበረብኝ። እጄ ግን ከባንኮኒው ላይ አልነሳ አለ። የማንም ሰው ፊት ላይ ጆሮዬን እይዛለሁ፤ እሳቸው ፊት ላይ እንዴት ብዬ?

«የአክስቴ ልጅ ናት። በአንድ ጡት ነው ያደግነው ብልሽ ይቀለኛል። ሰርቪስ ክፍሏ ተወስዶባት ነው።» ቀና ብለው አላዩኝም። «አጣሚ አልልሽም፤ እኔ እንደዚያ እንደማልል ታውቂያለሽ። እውነት አላት። ሰው ግን የላትም። ያችን ክፍል አከራይታ ነው የእርጅናዋን የምትገፋው። ብቻ አደራ፣ እያት።»

ቃል በቃል ያው። ክፍል ውስጥ ስናስመስለው የነበረው ንግግር ነው፤ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። እየቀለዱ እንዲሆን ተመኘሁ፤ ፈተና ነው፣ አሁን ይስቃሉ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አልሳቁም። ዐይናቸው ዳር ላይ እንባ ነበር። አዘንኩ፣ ተናደድኩም። በማን እንደተናደድኩ ግን እስካሁን ለይቼ አላውቅም።

«መምህር» አልኳቸው «ይህን ችሎት ላይ መናገር አለብኝ።»

ስኳር ያልገባበትን ማኪያቶ ያማስሉ ጀመር።

«ስሜን ጭምር?»

«ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።»

«ያስተማርኩትን አውቃለሁ!» አሉ። ባሪስታው ዘወር ብሎ አየን። ወዲያው ረጋ አሉ፤ «እንግዲህ…» ብለው ሳይጨርሱት ወጡ። ማኪያቶው አልተነካም ነበር።

ቀጠሮው እስኪደርስ ሰላም አልነበረኝም። ዋናው ጭንቀቴ ለሴትዮዋ ልፍረድ አልፍረድ አልነበረም። ያ አልቆ ነበር፤ ቢፈረድላቸው መምህሬ ስላሉ ነው፣ ባይፈረድላቸው መምህሬን አልሰማሁም ለማለት ነው፤ የገዛ ሐሳቤን ማመን አቅቶኛል፣ ስለዚህ ከመዝገቡ መነሳት አለብኝ። ጭንቀቱ ሌላ ነው። አብራኝ የምትሠራ ዳኛ ነገሩን ስነግራት ሳቀችብኝ። «ምን ያስጨንቅሻል? በግል ምክንያት ተነስቻለሁ ብለሽ ጻፊና ተገላገይ። ሽማግሌውን ለምን ታሳጪያቸዋለሽ?» አለችኝ። ውነቷን ነው፤ እንደዚያ ማድረግ ይቻላል። ግን የከተማው ዳኛ ግማሹ የእሳቸው ተማሪ ነው። መዝገቡ ከእኔ ወጥቶ የሚሄደው ወደ ሌላ ተማሪያቸው ይሆናል፤ እሱም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባንኮኒ ላይ ያገኛቸዋል። ያ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ደግሞ ከጀርባው ምን እንደተነገረ እስከ ዕድሜ ልኩ አያውቅም።

በሌላ በኩል፣ እኚህ ሰው በዚህ ዓለም ያላቸው ሀብት ስማቸው ብቻ ነው። ስልኩን እምቢ ያሉ ዳኛ ተብለው ነው የኖሩት። ያን ስም ነው እኔ በገዛ አፌ አማላጅ ብዬ በመዝገብ ላይ የማጽፈው። ምግብ አልበላ አለኝ። እናቴ ትክ ብላ እያየችኝ «አብሽሪ» ትለኛለች፤ ምን እንደሆንኩ ግን አልጠየቀችኝም። ሌላ ጊዜ ቢያስነጥሰኝ እንኳን ምክንያቱን የምትጠይቅ ሴት ናት። አለመጠየቋ ገርሞኝ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የእኔ ችሎት ጠባብ ናት፤ ባለጉዳዮቹ በአግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጣብበው ነው የሚቀመጡት። ስገባ ሁሉም ተነሳ፤ የኋላው ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ይዘው የቆሙትን ሰው አየሁ። መዝገቡ ተጠራ፣ ሴትዮዋ በቀኝ፣ ቴሌቪዥን ጠጋኙ በግራ ቆሙ።

«ክርክሩ ከመቀጠሉ በፊት» አልኩ «ሁለታችሁም መስማት ያለባችሁ ነገር አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከአንደኛው ወገን በኩል አንድ ሰው ከፍርድ ቤት ውጪ አነጋግሮኛል። ሰውዬው…»

ስማቸው ምላሴ ላይ ነበር። አልወጣ አለኝ።

«ሰውዬው እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ሁሉም ዞረ። መምህሬ ቆመዋል። ችሎት አስከባሪው ሊያስቀምጣቸው ሲራመድ በእጄ ከለከልኩት። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ፤ ቀስ ብለው፣ ጸሐፊዋ እንድትደርስበት፣ ድሮ ዳኛ ሳሉ ምስክር እንዲያደርግ እንደሚፈልጉት። «ለአክስቴ ልጅ ለመማለድ ነው። እሷ አልላከችኝም። ዳኛዋ አልተቀበሉኝም። እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ» አሉና ባርኔጣቸውን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ብናገር ማጋነን ይመስላል፤ ወደድኳቸው ልበልና ይብቃ።

ነገሩ በክብር ሊያልቅ ነበር። ግን አራዳ ውስጥ ነን። ቴሌቪዥን ጠጋኙ አንዴ ሽማግሌውን አንዴ የምትጽፈዋን ጸሐፊ እያየ ፊቱ እየተለዋወጠ ነበር፤ በመጨረሻ እጁን አወጣ።

«ክብርት ዳኛ፣ የእሳቸው ከተመዘገበ የእኔም ይመዝገብልኝ!»

«የእርስዎ ምን?»

«አማላጄ! እኔም እኮ ሰው አለኝ!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አስከባሪው «ጸጥታ!» እያለ ራሱ ይስቃል። ሰውዬው ግን የምሩን ነበር፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። የሴትዮዋ አማላጅ መዝገብ ላይ ሰፍሮ የእሱ ሳይሰፍር ቢቀር፣ በፍርዱ ቀን ሰው የሌለው እሱ ብቻ ሆኖ የሚቆም መስሎታል። እየነገርኩት የነበረው ጥፋት ነው፤ የሰማው ግን ምዝገባ ነው።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ወደ ማን ነው የላኩት?» አልኩት።

«ወደ እናትዎ ነዋ፣ በክርስትና እናቴ በኩል። ጎረቤትዎ ናቸው፣ ግድግዳ ነው የምትጋሩት። በሁዳዴ አምባሻ ይዘው ገብተው ነግረዋቸዋል።» ትንሽ አመነታና ጨመረ፤ «ብቻ እስካሁን መልስ አልመጣልንም።»

ሳቁ ለእኔ እዚያ ላይ ቆመ። ሳህኑ ታየኝ። ፍሪጃችን ላይ ያለው፣ ዳርዳሩ ሰማያዊ የሆነው።

ሁለቱንም ነገር አስጻፍኩ፤ የሁለቱንም አማላጆች። እኔም ከመዝገቡ መነሳቴን አሳውቄ፣ ጉዳዩም ለሌላ ችሎት እንዲመራ አዝዤ ቀጣዩን መዝገብ አስጠራሁ። መምህሬ ሲወጡ አላየኋቸውም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ፒያሳ ላይ ፊት ለፊት ስንመጣ አይተውኝ መንገድ ሲሻገሩ ሆዴ ባባ፤ ተቀየሙኝ ብዬ። ማዶ ከደረሱ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞረው ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። ገባኝ። ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ነው፣ እስኪያልቅ ማኪያቶ የለም ማለታቸው ነበር።

የችሎቱ ዕለት ግን በቀጥታ ወደ እናቴ ሱቅ ነው የሄድኩት። ባንኮኒዋ ላይ ነጭና ክሬም ቁልፎች ተቀላቅለውባት እየለየች ነበር።

«እማ፣ በጾሙ ጊዜ እማማ መጥተው ምን አሉሽ?»

እጇ ቆመ። ከዚያ መለየቷን ቀጠለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ችሎት ላይ ነው የሰማሁት። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽማ ሰማሽ ማለት ነው!» አለች፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። «አንቺ ጆሮሽን ይዘሽ ትሮጫለሽ፣ እኔ ቤት ውስጥ ልንገርሽ?»

«እሳቸውንስ ምን አልሻቸው?»

«ምንም። ዝም አልኩ። ልጄ ሆዷ ንጹሕ ሆኖ ነው የምትፈርደው ብላት ሰበብ ነው የሚመስላት። ዝም ስል ደግሞ ናቀችኝ አለች። ናቀችኝ! እኔ እሷን!» ቁልፎቹን በመዳፏ አፈሰቻቸውና የለየችውን መልሳ ደባለቀችው። «አምባሻውን መጀመሪያ ተቀበልኳት፤ ጉዳዩን ያነሳችው በኋላ ነው። ሳህኗን ሞልቼ ብመልስ እሺ ያልኳት ይመስላታል። ባዶውን ብመልስ ስድብ ነው። ምን ላድርገው? ተቀመጠ። ፋሲካም እንደዚያው አለፈ። በግድግዳው በኩል ስታስል እሰማታለሁ፤ እግዜር ይማርሽ እንኳን ማለት አልቻልኩም።»

ለስልኩ እምቢ ሲባል ክፍል ሙሉ ሰው አጨብጭቦ ነበር። እናቴ ወዳጇን ከነሳህኗ አጥታ ቁልፍ ስትለይ ከረመች፤ እኔ እንኳን አላጨበጨብኩላትም፣ ዕድሜ ነው ብዬ አልፌያት ነበር እንጂ። አንገቷን አቀፍኳት። አብዝቼ ሳቅፋት አትወድም፣ በክርኗ ገፋችኝ።

«አሁን አለቀ?»

«ከእኔ እጅ ወጥቷል። ሌላ ዳኛ ያየዋል።»

«ሙሉ ለሙሉ? ዋላሂ በይ።»

«ዋላሂ።»

ሱቁን ገና በቀን ዘጋችው። እንደዚያ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። በመንገዳችን ላይ ቴምር ገዛች፤ ከትልልቁ እየመረጠች፣ ሻጩን እያስመረረች። ቤት ስንደርስ ሳህኑን ከፍሪጁ ላይ አውርዳ አጠበችው፣ በንጹሕ ጨርቅ ወለወለችው፣ ቴምሩን ቆልላ ሞላችበት። እኔ ልውሰድ አልኳት፤ «አንቺ ዳኛ ነሽ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

በግድግዳው በኩል በሩ ሲንኳኳ ሰማሁ። ቀጥሎ እማማ ሲያለቅሱ ሰማሁ፣ ቀጥሎ እናቴ ስትቆጣ፣ ቀጥሎ ሁለቱም አንድ ላይ ሲያወሩ፤ ማን ማንን እንደሚሰማ አይታወቅም። ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ የራሷ ፊት ሆኗል።

«ምን አሉሽ?»

«ልጅሽ ፈረደችበት ወይ አለችኝ። ኧረ ተነስታለች፣ አዲስ ዳኛ ተሹሞበታል አልኳት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

እናቴ ሻሿን ፈታ ወንበሩ ላይ አኖረች።

«ከዚያማ ጠጋ ብላ፣ አዲሱ ዳኛ ዘንድ ሰው አለሽ ወይ አለችኝ።»

«ምን ብለሽ መለስሽላት?»

«ቴምርሽን ብይ አልኳት።»